ቅቤ ተራ ያለው እጅሽ

የምሕረት እናት፣ ዘኑዬ፤

አንቺ ከተለየሽን አምስተኛው ክረምት ወጣ። የምጽፍልሽ በጠዋት ነው፤ ሱቄን ሳልከፍት፣ ብሩሾቼን ሳላጥብ። ፓስተራችን ይህን ወረቀት ቢያይ፣ "ጋሽ ጴጥሮስ፣ ለሞተ ሰው መጻፍ ከየት የመጣ ትምህርት ነው?" ብሎ እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። ይቆጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስመለስ የዋልኩበትን ወሬ ሁሉ ላንቺ ሳራግፍ ኖሬ፣ አሁን ዝም በል ቢሉኝ አልችልበትም። መልስም አልጠይቅሽም። በሕይወት እያለሽም መልስ የምትሰጪኝ ደስ ሲልሽ ብቻ ነበር።

ቤትሽ ደህና ነው። ከጓሮ የተከልሽው አቮካዶ፣ "አያፈራም፣ ልቁረጠው" እያልኩ የጨቀጨቅኩሽ፣ አምና አፍርቶ አሳፈረኝ። ዘንድሮማ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ተሸክሞ ለጎረቤት ሁሉ አዳርሼም ተርፎኛል። እንሰቱን እንደ አቅሜ እንከባከባለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ግን ሳይጠይቁኝ ገብተው ቅጠሉን ይቆርጣሉ፤ ምነው ስላቸው "ዘነበች ብትኖር ትፈቅድልን ነበር" ይሉኛል። እውነታቸውን ስለሆነ አፌን እይዛለሁ። ጫማሽ ጭቃ ውስጥ እየቀረ የረገምሽው የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎ ባጃጅ እስከ በራችን ይደርሳል። ምሕረት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሶዶ ደርሷት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ልብስ ላጥብ ነው የምትለው፤ እኔን ልትቆጣጠር እንደሆነ አላጣሁትም። ድስቱን ከፍታ ታያለች፣ ካልሲዬን ትቆጥራለች፣ ከዚያ ልክ እንዳንቺ ከንፈሯን ትመጥጣለች።

ሥራዬን ከጠየቅሽኝ፣ ኮምፒውተር የሚያትመው ባነር ከተማችን ገብቶ የእኛን የታፔላ ሠዓሊዎችን እንጀራ ወስዶብናል። ፀጉር ቤቱ ሁሉ የማያውቃትን የውጭ አገር ሴት ፎቶ በፕላስቲክ አሳትሞ ይሰቅላል። ፀሐይ ሲበረታ ሴትዮዋ ትነጣለች፣ ንፋስ ሲመጣ ትቀደዳለች። የእኔ ቀለም ግን እንዳለ ነው። ይህን ስጽፍ "ጀመረህ ደግሞ" ስትይኝ ይሰማኛል፤ ተውኩት።

የጻፍኩልሽ ስለ እኅትሽ ስለ አስካለች ልነግርሽ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቅቤ ተራ ያለውን ቦታሽን የያዘችው እሷ ናት። የሰፈሩ ሴቶች የቅቤ ዕቁብ ዳኝነትም ለእሷ ተሰጠ። መቀመጫሽ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት ይከብደኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አስካለች ስትሆን ግን ቀለለኝ፤ ከኋላ ስትታይ አንቺን ቁርጥ ናት። አንዳንዴ በዚያ ሳልፍ ዘኑ ብዬ ልጠራት ይዳዳኛል።

አምና በነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ምሕረት ከአክስቷ ቤት ስትመለስ ልብሱን ዘፍዝፋ ሳታጥበው ቆመች። ውኃው ውስጥ እጇን ከትታ ቀረች። ምን ሆንሽ ስላት፣ "አባዬ፣ አክስቴ እንደ እማዬ ሆናለች" አለችኝ። አስካለች ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዋን ልታሽላት ገብታ ነው ያየችው። ግራ ጡቷ ሥር ጠጣር ነገር አለ። ምሕረት በእጇ ነክታዋለች። ሆስፒታል እንሂድ ብትላት አስካለች መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ለማንም እንዳትናገር ልጅቷን አስማለቻት። እና ምን እንዳለቻት ታውቂያለሽ? "ጊፋታ ይለፍ" አለቻት።

ያንቺኑ ቃል፣ ዘኑዬ። ቃል በቃል ያንቺኑ።

ያን ዓመት አንቺም እንዲሁ ነበር ያልሽው። የዕቁቡ ሴቶች ለዘመን መለወጫ በዓላችን በቆጮና በቅቤ ለሚሠራው ሙቿ ቅቤያቸውን ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ ከርመው፣ ማከፋፈያው ሲደርስ ዳኛዋ ሆስፒታል ብትተኛ ምን ይባላል አልሽ። ጊፋታ አለፈ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ መጣ፣ ለእንግዶቹ አንቺ ነበርሽ የምታበስይው። ቀጥሎ የምሕረት ፈተና። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ እሱ ወረቀቱን አይቶ ወደ እኔ ዞረ እንጂ ወደ አንቺ አላየም፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ታስታውሻለሽ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ አልኩና ሳቄ መጣ። እኔ ግን አስታውሳለሁ። የዕቁቡ ሴቶች ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አልጋሽ ድረስ ያመጡልሽ ነበር። ትራስ ደግፈንሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ በቀኝ እጅሽ ሦስት ጣት ዙሪያውን ጫን፣ ጫን እያደረግሽ ትፈትሺዋለሽ። "ይሄ የአረካ ነው፣ ጥሩ ሣር የበላች ላም ናት" ትያለሽ። "ይሄኛው ውኃ አልወጣለትም፣ መልሺና ዳግመኛ እሺው" ትያለሽ። ገበያ ላይ እያለሽ ከአንዷ ነጋዴ ቅቤ መሐል የተቀቀለ ድንች አውጥተሽ፣ "ድንቹን ለብቻው ሽጪልኝ፣ ለወጥ እፈልገዋለሁ" ብለሽ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ የሳቀው ከዚያ በፊት ነው። ከጣትሽ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም። ከራስሽ በቀር።

እና አሁን አስካለች። ባሏን የቀበረች፣ ልጅ የሌላት፣ ከእኛ ሌላ ሰው የሌላት አስካለች። ምን ላድርግ? አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ለሚስቱ እኅት ስለ ጡቷ አፉን አይከፍትም። ብከፍትስ? ደግማ ደጃፌን አትረግጥም፤ ምሕረትንም መሐላዋን አፈረሰች ብላ ትቀየማታለች። በጸሎት ቤቱ በኩል ላስነግራት አሰብኩ፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ከተማውን ይዞራል። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ሳላስበው የሁለት ሰው ቁርስ አቀረብኩ፤ ላማክርሽ ነበር መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን እጄ ላይ የነበረውን ሥራ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። የሴቶችን ጤና የሚያስተምር አንድ ትንሽ ማኅበር ስለ ጡት ካንሰር መናኸሪያው አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ እንድስልለት አዞኝ ነበር። አስተባባሪዋ ሲስተር እታገኝ የምትባል ነርስ ናት፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ስትናደድም የምትስቅ ሴት። ሞዴሉ ተዘጋጅቶ ከሩቅ የመጣ ነው፤ አንድ ትልቅ የተጣጠፈ ሮዝ ሪባን፣ ከሥሩ "ቀድሞ ማወቅ ሕይወት ያድናል" የሚል ጽሑፍና ስልክ ቁጥር። ሳልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አምሮ ነበር። የሪባኑን እጥፋት ጥላ ሰጥቼው ነፋስ የሚያውለበልበው ይመስል ነበር።

ስልኩ ወዲያው መደወል ጀመረ። ሲስተር እታገኝ ደስ ብሏት ብታነሳው፣ "የሙሽራ መኪና በስንት ታስውባላችሁ?" አላት አንዱ። ሌላው ለሚዜዎቹ መኪና ጭምር ቅናሽ ጠየቃት። የመዘምራን ኃላፊዋ ደግሞ ለአዲሱ ዩኒፎርም ያንኑ ቀለም ትፈልጋለች። ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው የስልጤው ጀማል፣ አንቺ ከሱ ያለ ዱቤ የማትገዢው፣ መንገዱን አቋርጦ ሱቄ ድረስ መጣና "ጋሽ ጴጥሮስ፣ ወላሂ በጎረቤትነታችን ንገረኝ፣ እዚህ ሪባን መደብር የሚከፍተው ማነው?" አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት እስካሁን ያስቀኛል። ሶዶ ውስጥ ሪባን ያለ ሙሽራ ማን አይቶ ያውቃል?

ሲስተር እታገኝም ይህን እየነገረችኝ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመና ዕንባው ብቻ ቀረ። "አንድ ሴት እንኳን አልመጣችም፣ ጋሽ ጴጥሮስ። የሚመጡት ካለፈ በኋላ ተደግፈው ነው" አለችኝ። ሪባኑን አጥፍቼ የአገራችን ሴት የምታውቀውን ነገር እንድስል፣ ቦታውንም እኔው እንድመርጥ ነገረችኝ። አንቺ ምን እንደሆንሽ ስለምታውቅ ነው ይህን የተወችልኝ።

ቦታ ለመምረጥ ብዙ አላሰብኩም። አስካለች ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወዴት አድርጋ ነው የምትቀመጠው? ከቅቤ ተራው ፊት ለፊት ወዳለው የእህል መጋዘን ግድግዳ። ለማኅበሩ የነገርኳቸው ቦታው ሰው የሚበዛበት ነው ብዬ ነው፤ እሱም ውሸት አይደለም። እኔ ግን ለአንዲት ሴት ነበር የምስለው። በአፌ የማልነግራትን በግድግዳ ልነግራት።

ምን እንደምስል ሳላውቅ የገበያ ዕለት ሄጄ የመጋዘኑ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ቅጠሉን ይገልጣሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ በጣታቸው ዙሪያውን ይጫናሉ። አንዷ ከሁለት ጭብጥ የማይበልጥ ቅቤ ለመግዛት ስንቱን ቅጠል ገልጣ፣ ስንቱን ዳስሳ ስታበቃ፣ "ይሄ መሐሉ ጠጠር ይላል" ብላ ጥላው ሄደች። አስካለች ትዝ አለችኝ። ማታውኑ ለሲስተር እታገኝ ነገርኳት። "በቃ፣ እሱን ነው የምትስለው" አለችኝ።

ማኅበሩ ግን ብቻውን አይወስንም። የቀበሌው የሴቶች አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ንድፉ ቀረበ። ከተጋበዙት አንድ ሽማግሌ፣ ሥዕሉ መልካም ነው፣ ጡት የሚለው ቃል ግን በአደባባይ ነውር ስለሆነ ደረት ይባል አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ያለ ፈቃድ ተነሳች። "ደረትማ አንተም አለህ። በጡት አድገህ ስሙን ለመጥራት ታፍራለህ እንዴ፣ ልጄ?" አለቻቸው፤ እሳቸውም ሽበታቸውን እየዳሰሱ ሳቁና ቃሉ ጸደቀ።

አሁን ልታኮርፊኝ ወደምትችይበት ቦታ ደረስኩ። አንድ ጊዜ ለፀጉር ቤት የሳልኳት ሴት አንቺን መሰለች ብለሽ እንዴት እንደተቆጣሽኝ አልረሳሁም። "ሰው እንደ ሻምፖ ያየኛል፤ ሁለተኛ ፊቴን ታፔላ ላይ እንዳላይ" አልሽኝ። ቃልሽን ጠብቄአለሁ፤ ፊትሽን አልሳልኩም። እጅሽን ነው የሳልኩት።

ቅቤ የምትፈትሽ የሴት እጅ ሳል ብባል ሌላ ምን እጅ አውቃለሁ? ቀኝ እጅሽን ጀመርኩ፤ እኔ ሳልሆን ብሩሹ ነው የሳለው። ቅቤ ስታነጥሪ አንጓሽ ላይ የተቃጠልሽው ጠባሳ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ያለችው ትንሿ ጣትሽ፣ ጥፍርሽን አሳጥረሽ የምትቆርጭበት አቆራረጥ፣ ሁሉም መጣ። ወደ ግራ እጅሽ ስደርስ ግን ብሩሹ ቆመ። ግራ እጅሽ ሁልጊዜ ከቅጠሉ ሥር ሆኖ ቅቤውን የሚደግፈው ነው፤ ተሸፍኖ የሚሠራ እጅ። ላስታውሰው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቅጠል ብቻ ታየኝ። ቤት ሄጄ ፎቶዎቹን አወጣሁ። በሰርጋችን ፎቶ ነጭ ጓንት አድርገሻል። ምሕረትን ባቀፍሽበት፣ እጅሽ ከልጅቷ ጀርባ ነው። በጣም አዘንኩ፣ ዘኑዬ። አብሮኝ የኖረ እጅ እንዴት ይጠፋኛል? ያለው አማራጭ ቅጠሉን ዝቅ አድርጌ ግራ እጁን መሸፈን ነበር፤ እንደዚያው አደረግሁ።

ከሥሩ በአማርኛ፣ ከጎኑ በወላይትኛ ይህን ጻፍኩ፤

ቅቤውን ሳትዳስሺ አትገዢም።
ጡትሽን ዳስሰሽዋል?
ጠጣር ነገር ካገኘሽ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም።
ጊፋታ ይለፍ አትበይ፤ ጊፋታ በየዓመቱ ይመጣል።

የመጨረሻዋ መስመር ለሕዝቡ አልነበረችም።

ከመሰላሉ ሳልወርድ ቅቤ ተራው በጫጫታ ተሞላ። "ኧረ ይሄ እጅ የዘነበች ናት!" አለች አንዷ። "እሷ ናት እንጂ! ትንሿን ጣት አያችሁ?" አለች ሌላዋ። ከመሐላቸው አንድ ሁለቱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አስካለች ግን አልተነሳችም። ሥዕሉን አየች፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበች፣ ከዚያ ቅቤዋን ሰብስባ ወደ ተራው ጫፍ ሄዳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ዕቃዋን ስታነሳ በቀኝ እጇ ብቻ ነበር ያነሳችው።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣች። እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። "ጋሼ፣ እኅቴን ገበያ አወጣሃት? ሞታ እንኳን አታሳርፋትም? አሁኑኑ አጥፋው!" አለችኝ። ስለ መጨረሻዋ መስመር አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም አልተነፈስኩም። ሁለታችንም ግን የምንነጋገረው ስለ እሷ ነበር። ነጭ ቀለም የያዘ ቆርቆሮና ሰፊ ብሩሽ አንስቼ ሰጠኋት። "እኔ እጇን ማጥፋት አልችልም። አንቺ ከቻልሽ አጥፊው" አልኳት። ትተወዋለች ብዬ ነበር። ነጥቃኝ ወጣች።

በሩቁ ተከተልኳት። ብታጠፋው አንቺን ሁለተኛ የቀበርኩ ያህል ነው፤ ከዚያ የከፋው ግን ካጠፋችው እሷንም ማጣቴ ነው። ገበያው መበተን ጀምሮ ነበር። ግድግዳው ጋ ቆመች። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረች፣ አነሳችው፣ ነጩ ቀለም በክንዷ ላይ ተንጠባጠበ። እንዲያ ቆማ ቀረች። ከዚያ ብሩሹን መልሳ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠችና ባዶ እጇን ዘርግታ መዳፏን በእጅሽ ላይ አሳረፈች። ሰው የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚዳስስ። ብዙ ቆየች።

ዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ሱቄ ተመልሳ ስትመጣ መዳፏ በሙሉ ባንቺ ቆዳ ቀለም ተለውሶ ነበር። ጨርቅ በቀለም ማስለቀቂያው አኳራጅ አርሼ ሰጠኋት። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያበሰች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "ነገ ምሕረትን ላክልኝ። ሆስፒታል ብቻዬን አልሄድም" አለች። እሺ አልኩ። እሷ ስትወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ጊፋታ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው የሄደችው። ቅቤው ያለ ዳኛ ተከፋፈለ፣ ሙቿው ያለ እሷ ተበላ፣ በሬውም ታረደ፣ ሰማዩ ግን አልወደቀም። ከሶዶ ወደ አዲስ አበባ ላኳት፤ ምሕረት ትምህርቷን ጥላ አብራት ሄደች፣ እኔም ተከተልኩ። ግራ ጡቷን አነሱላት። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አግኝቶን "በጊዜ መጥታለች" አለን። ግድግዳ ተደግፌ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ምሕረት ደስታ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ደስታም ነበር። ላንቺ ማንም ያላለሽ ቃል ስለሆነ ጭምር ግን ነው ያለቀስኩት። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ላንቺ ነው የነገርኩሽ።

ከዚያ የነበረው ቀላል አልነበረም። መድኃኒቱ ፀጉሯን ጨረሰው፣ ምግብ አስጠላት፤ ያለ ዳጣ በርበሬ የማትበላዋ ሴት ሽታው ሲመጣ ፊቷን ታዞር ጀመር። ግራ ክንዷም ከትከሻዋ በላይ አልነሳ አላት። ሐኪሞቹ፣ ግድግዳ ፊት ቁሚና ጣቶችሽን እያራመድሽ ወደ ላይ ውጪ ብለዋታል። የእኛን ሱቅ ግድግዳ መረጠች። በየቀኑ መጥታ ጣቶቿን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ታስኬዳለች፣ የደረሰችበት ላይ በጠመኔዬ ምልክት ታደርጋለች፣ ያማታል፣ ትሳደባለች፣ ነገ ተመልሳ ትመጣለች። "ጋሼ፣ የዛሬው ከትናንቱ ይበልጣል አይደል?" ትለኛለች። ባይበልጥም ይበልጣል እላታለሁ።

የሲስተር እታገኝ ስልክ አሁንም ይደወላል። ሙሽራ የሚጠይቅ የለም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁ ሴቶች ናቸው፤ እናታቸውን ይዘው የሚመጡም አሉ። አልፎ አልፎ "ቅቤ ስንት ገባ?" የሚል አይጠፋም፣ እሱንም በትዕግሥት ትመልሳለች። አረካ ላይ ያንኑ ሥዕል ሳልኩ። ሁምቦ ስሄድ ግን ሴቶቹ ንድፉን አይተው ሳቁብኝ፤ "በእኛ ሙቀት ይሄ ቅቤ እንዲህ ተድቦልቡሎ የት ይቆማል? እስከ ገበያ ውኃ ነው የሚሆነው" አሉኝ። እና ማንጎ ሳልኩላቸው፤ እነሱም ማንጎ ሳይጫኑ አይገዙም። እጁ ግን እዚያም ያንቺው ነው። ቆላ ወርደሽ አታውቂም ነበር፣ ይኸው አወረድኩሽ።

ይህን የጻፍኩልሽ ባለፈው ሳምንት ስለሆነው ነገር ነው። ክረምቱ የቅቤ ተራውን ግድግዳ ከውስጥ በእርጥበት በላው። የእኔ ቀለም እንዳለ ነው ያልኩሽን እዚህ ላይ እርሺው። ጣቶችሽ ተላላጡ፣ ጠባሳሽ ሊጠፋ ደረሰ። ማኅበሩ ፎቶ አንስተን በባነር እናሳትመው ሲል አስካለች ሰምታ፣ "ኮምፒውተር የእኅቴን እጅ የት ያውቅና!" ብላ አስቆመቻቸው። መሰላሌን ይዤ ሄድኩ። ግድግዳውን ፋቅሁ፣ ስቱኮ መታሁ፣ ቀለሜን በጠበጥኩ። ቀኝ እጅሽን እንደገና ስጀምር ከሥሬ ድምፅ ሰማሁ።

አስካለች ናት። ፀጉሯ አጭር ሆኖ በቅሏል፣ ሻሿን ትታዋለች። ወደ ግድግዳው ተጠግታ ቆመችና ግራ እጇን አነሳች። አነሳችው፣ ዘኑዬ፤ ከትከሻዋ በላይ፣ ከጆሮዋ በላይ፣ እስከ እኔ ድረስ። መዳፏን እንደሚደግፍ ሰው ዘርግታ፣ "ጋሼ፣ ለዚህ ቅቤ ደጋፊ እጅ ጎድሎታል። ይሄውልህ፣ ይሄን ሳል" አለችኝ። ክንዷ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አላወረደችውም። ዓይኔን ዕንባ ሞልቶት መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ስጠርገው ያንን እጅ አወቅሁት። ሰፊ መዳፍ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ያለች ትንሽ ጣት። ያጣሁት እጅሽ ነው፤ ከአንድ እናት የወጣ እጅ ምን ይለያያል?

እየደከማት እያረፈች፣ እያረፈች እያነሳች፣ እስከ ከሰዓት ድረስ ቆመችልኝ። አሁን ቅጠሉን ገልጬዋለሁ። ቅቤውን ከላይ ያንቺ ቀኝ እጅ ይዳስሰዋል፣ ከሥር የእሷ ግራ እጅ ይደግፈዋል። ጀማል ሲያልፍ ቆሞ አይቶ፣ "የአንድ ሰው እጅ ነው አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት።

ጊፋታ እየመጣ ነው። ዘንድሮ ዕቁቡን የምትዳኘው አስካለች ናት፤ ሴቶቹ ቅቤያቸውን ከማስፈተሻቸው በፊት "አንቺስ ራስሽን ዳስሰሻል ወይ?" ብላ እያንዳንዷን ትጠይቃለች አሉ። ያላደረገችውን ወደ ኋላ ትመልሳታለች። ያንቺ እኅት አይደለች!

ዘኑዬ፣ አትርሳኝ ብለሽ አታውቂም፤ እንደማልረሳሽ ታውቂ ነበር። ቢሆንም ቃል ልስጥሽ። ዕድሜ እስከ ሰጠኝ፣ መሰላል መውጣት እስከቻልኩ፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣና ጊፋታ ሳይገባ ያንን ግድግዳ አድሳለሁ። አስካለች መጥታ ከሥሬ ትቆማለች፣ እጇን ትዘረጋልኛለች። የእሷን እጅ እያየሁ እስላለሁ። ያንቺን ግን ሳላይ አውቀዋለሁ።

ጴጥሮስሽ